አጎቴን ከግዞት ላወጣ ወደ ሐረር

ዓርብ ንጋት፣ ድሬዳዋ

ፀሐይ ሳትወጣ መኪና ተራ ደረስኩ። ረዳቱ «ሐረር፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን።

«አቦ ግባ፣ ልንወጣ ነው» አለኝ ሾፌሩ። ሞተሩን ገና አላስነሳም፤ እንዲያውም ጫማውን አውልቋል።

ወደ ሐረር የሚወስዱኝ ጉዳዮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የጋዜጣው ሥራ ነው፤ ሠዓሊዎች ስደትንና ግዞትን በየዘመኑ እንዴት እንደሣሉ ልጽፍ ቃል ገብቻለሁ። ሁለተኛው የእናቴ ትእዛዝ ነው። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ታደለ ወጣት የሥዕል መምህር ሳለ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በግድግዳ ላይ ባለ አንድ ዓይን አድርጎ ሣለው። በቤተ ክርስቲያን አሣሣላችን ደግ ሰው ከፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ለክፋቱ ዳይሬክተሩም ይህን ያውቅ ኖሯል። አጎቴን ወደ ሐረር አዛወረው።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ወንድሟን «ግዞተኛው» እያለች ስታለቅስለት ኖራለች። ጡረታ ከወጣም በኋላ አልተመለሰም። አሁን ክፍል አሰናድታለች፣ ፍራሽ ገዝታለች። «እሱን ሳትይዝ ደጄን እንዳትረግጥ» ብላ ሸኝታኛለች።

የደንገጎን ጥምዝምዝ ዳገት ስንወጣ ስለ ጽሑፌ አሰብኩ። ፈረንጆቹ አዳምን ከገነት ሲያስወጡት ፊቱን በእጁ ያስሸፍኑታል። የተጋዘ ንጉሥ ከሣሉ ጀርባውን ሰጥቶ ባሕር ያያል። የእኛዎቹ ግን እመቤታችንን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ ስትሰደድ ሲሥሏት ፊቷን ወደኛ አዙረው ነው። አዳምም ተባርሮ ሲወጣ ሁለት ዓይኑን ይዞ ነው የሚወጣው። ሥዕል ሁልጊዜ ለተሰዳጁ ያደላል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። በጣም የበሰልኩ መሰለኝ።

ረፋድ፣ ሸዋ በር

የጀጎል ግንብ መግቢያ ሸዋ በር እንደ ወትሮዋ ናት፦ የሚኒባስ ጡሩምባ፣ የማንጎ ክምር፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ በሃያ ብር፣ መንገዱን የዘጋ አህያ። ለባጃጅ ነጂው የአጎቴን ስም ስነግረው ዞር ብሎ አየኝ።

«የሠዓሊው ዘመድ ነህ? ያንን የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ እየው። ስንት ዓይን አለው?»

ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ከጎን ተሥሏል። አንድ ዓይን።

«ከጋሽ ታደለ ጋር ተጣልቶ ነዋ! ገበያው ቀዘቀዘ። ወላሂ፣ አሁን ለመታረቅ ሽማግሌ እየላከ ነው። ያኛው ልኳንዳ ደግሞ በሬው ሳይቀር ሁለት ዓይን አለው።»

የአጎቴ ግዞት ይህን ይመስላል። ከተማውን በብሩሽ እየገዛ ነው።

ቀትር፣ ጀጎል ውስጥ

አጎቴ የሚኖረው በግንቡ ውስጥ፣ ሐጂ አብዶሽ ከሚባሉ ልብስ ሰፊ ጋር ግቢ ተጋርቶ ነው። ሐጂ በቤታቸው ምስል አይሰቅሉም። ሆኖም ፀሐይ የሚያገኘው የሳቸው ወገን ስለሆነ የአጎቴ ሥዕሎች የሚደርቁት በሳቸው በር ላይ ነው። ስምምነታቸው ቀላል ነው፤ ሐጂ ሊሰግዱ ሲሉ ሥዕሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስደርስም አንድ ትልቅ ሸራ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል።

«አትንካው፣ አላለቀም» አለ አጎቴ፣ አቅፎ ከሳመኝ በኋላ።

ሐጂ ቀዩ መደብ ላይ አስቀምጠው ቁጢ አስቀዱልኝ፤ በወተት የፈላ የቡና ቅጠል ነው። ጽሑፌ ስለ ስደት ሥዕል መሆኑን ነገርኳቸው።

«እናንተ ስደትን ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁት» አሉ። «እኛ ዓመት ቆጠርንበት። ነቢያችን፣ ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም፣ ከመካ የወጡበት ዓመት ነው የቁጥራችን መነሻ። ስደት መጨረሻ ነው ያለህ ማነው?»

ይህን ማስታወሻዬ ላይ ካሰፈርኩ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳዬ ገባሁ። ጋሼ እንደሚያስቸግረኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «እሺ፣ እሄዳለሁ። እህቴን ከዚህ በላይ አላስለቅሳትም። ይህን ሥዕል ልጨርስና እሑድ እንነሣለን» አለ።

ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ቁጢ የጨመረልኝ የለም።

ቅዳሜ፣ ጊደር መጋላ

ጋሼ ሊሰናበት ገበያ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩ። ወሬው ቀድሞናል። በርበሬ ሻጯ ለእሱ ስንቅ ቋጠረችለት፣ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«የሚወስድህ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው» አለ ጋሼ፣ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ።

«ፊቱ እንኳ ደህና ሰው ይመስላል። ያ አላህ!»

ሳምቡሳ ጠባሹ ለአጎቴ ከዘይቱ ያወጣትን፣ ለእኔ የትናንቷን ሰጠኝ። ከድሬ ጠያራ ገጠር አትክልት የሚያመጡ አንዲት እናት እጁን ይዘው አልለቅ አሉ። «አንተ ከሄድክ ይሄን ገበያ ማን ያቀናዋል? አሁን ሁሉም ነጋዴ ሁለት ዓይን አለኝ ሊል ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼም ሳቀ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረገ።

ይቅርብህ ልለው ነበር። ግን የእናቴ ፍራሽ ትዝ አለኝና ስንቁን ተሸክሜ ተከተልኩት።

እሑድ ጠዋት

ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። ሐጂ ራሳቸው ሸራውን አዞሩልኝና፣ እሳቸው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

አዳም ከገነት ሲባረር ነው። የገነት በር ሸዋ በር ነው፤ ባጃጁም ማንጎውም አልቀረም። አዳም ሽበታም ነው፣ በቅጠል ፈንታ ቀለም የነካው ሸሚዝ ለብሷል፣ በብብቱ ብሩሾቹን ይዟል። ሁለቱም ዓይኖቹ ወደኋላ፣ ወደ በሩ ያያሉ። በመልአኩ ቦታ ሰይፍ የመዘዘው ሰውዬ የእኔን ኮፍያ አድርጓል፣ የእኔን የጀርባ ቦርሳ አንግቷል።

አንድ ዓይን ነው ያለው።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ምንም። የታዘዝከውን» አለ። «ዳይሬክተሩም ‹ታዝዤ ነው› ነበር ያለኝ።»

አፈርኩ። ስለ ተሰዳጅ የሚጽፍ ሰው ተሰዳጅ ሲያፈራ ተያዘ። ሻንጣውን አንስቼ ወደ ቤት መለስኩት። ሐጂ ከግድግዳው ሳይዞሩ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ «በሉ ቁጢ ቅዱለት!»

ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

እናቴ ደጇን አስረግጣኛለች፤ ምሳ ግን በኩርፊያ ነው የቀረበው። አዲሱ ፍራሽ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ስለ ሐረር የነገርኳትን ሁሉ «እሱ ድሮም ውሸታም ነው» በማለት ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ በስልኬ ፎቶ ላከ። ሥዕሉን አርሞታል። አዳም በሩ ውስጥ ተቀምጦ ከሐጂ ጋር ቁጢ ይጠጣል፤ ሐጂ ከጀርባቸው ነው የተሣሉት፣ ለእምነታቸው ሲባል። ከበሩ ውጭ ቦርሳውን አንግቶ የሚሄደው ባለ ኮፍያ እኔ ነኝ። ሰይፌ የለም። ፊቴ ወደ ተመልካቹ ዞሯል፣ ሁለት ዓይን አለኝ። የተባረርኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ስልኩን ተቀብላ አየች፣ አራቀች፣ አቀረበች። ወንድሟን በጣቷ ነካችው።

«ወፍሯል» አለች። ቆይታ ደግሞ «እኔን ቢሥለኝ በስንት ዓይን ነው?»

ስልኬን ተቀበልኳት።

ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ አገጯን ቀና አደረገች።

«በል አንሣኝና ላክለት» አለች። «ከፊት ለፊት አድርገህ።»