ሦስተኛ የወጣው ፒያኒስት አቃቂ የመጣ ቀን

ያን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። የተናደድኩባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል አንዱ እኔ ነኝ። ነገሩ እንዳይምታታ ከመጀመሪያው ልጀምር።

በደርግ ዘመን አቃቂ ውስጥ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ በከፈተው የማታ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የማታ ይባል እንጂ ክፍል የምንገባው በዐሥር ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሳትበርድ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጠመኔ በቀለም ለይቼ የምይዝ፣ ሰሌዳውን ለሦስት ከፍዬ የምጽፍ፣ ያልተጠየቅኩትን ሳይቀር የማስረዳ ሰው ነበርኩ።

በፋብሪካው ግቢ የሠራተኞች ክበብ ነበር፤ በክበቡ ውስጥ ደግሞ ፒያኖ። ፋብሪካው ከመወረሱ በፊት ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ነበር። ሰውየው አገር ለቆ ሲሄድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ ፒያኖውም ወደ ክበቡ ተገፍቶ ከዳማ ጠረጴዛዎቹ ጎን ቆመ። የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በመፍተያ ክፍል የምትሠራ፣ እኔ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምራት ወጣት። እናቷ በሥራ አስኪያጁ ቤት ልብስ አጣቢ ነበሩ። የሰውየው ሚስት ልጅቷን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በዚያው ፒያኖ ላይ አስቀምጣ አስተምራታለች። ሰዎቹ ሲሄዱ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ክበቡን በነፃ እየጠረገች፣ በምትኩ ቁልፉን ይዛ፣ ከፈረቃዋ ስትወጣ ብቻዋን ትለማመዳለች። እኔ ስለ ሙዚቃ ብዙ አላውቅም። ግን የዳማ ተጫዋቾቹ፣ ጠጠር በእጃቸው ይዘው፣ መጫወት ያለባቸው ማን እንደሆነ እስኪጠፋቸው ድረስ ሲያዳምጧት አይቻለሁ።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ መማር። በየዓመቱ ወደ ወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት የሚላኩ ሰዎች ዝርዝር ይወጣ ነበር። መካኒክም ሐኪምም የሚሆኑት ይሄዳሉ። ለሙዚቃ የሚያመለክት ግን ችሎታውን የሚመሰክርለት ባለሙያ ማቅረብ አለበት ተባለች። አቃቂ ላይ የፒያኖ ባለሙያ ከየት ይምጣ?

ባለሙያው በእግሩ መጣ። ከአንዱ ወዳጅ አገር የተላከ ፒያኒስት፣ በዓለም አቀፍ ውድድር ሦስተኛ የወጣ፣ በአፍሪካ እየዞረ ለሠራተኛው ሕዝብ ሊጫወት ነው፤ ከፋብሪካዎች ደግሞ የኛ ተመርጧል የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ደብዳቤውን እንዳየሁ ማመልከቻዋን በታይፕ አስመታሁ። ከግርጌው ለእንግዳው ምስክርነትና ፊርማ ሁለት መስመር ባዶ ተውኩ። ከዚያ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሄድኩ።

"ጓድ መምህር፣ ይህቺ እኮ ከከበርቴ ቤት የወጣች ናት" አለኝ።

"የልብስ አጣቢዋ ልጅ ናት፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

"የማንን ልብስ?"

"የሥራ አስኪያጁን።"

"በል እንግዲህ! የከበርቴ ልብስ!"

ሳቀ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ አብሬው ሳቅኩ። በመጨረሻ ጣቱን ቀሰረ። "አምስት ደቂቃ። ከእኔ ንግግር በኋላ፣ ከእንግዳው በኋላ፣ ከመዝጊያው መፈክር በፊት። ስድስተኛዋን ደቂቃ አላውቃትም።"

ስነግራት "እንግዳው ከተጫወተ በኋላ ነው እኔ የምጫወተው?" አለች።

"አዎ።"

"ኧረ ቲቸር! ሰው በግ ካረደ በኋላ ሽሮ ይቀርባል?"

"ፊርማ የሚያስገኝ ከሆነ ይቀርባል" አልኳት።

ሊቀ መንበሩ ለእንግዳ መቀበያ ዘመቻ አወጀ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀባ፤ የዛፎቹ ግንድ እስከ ወገቡ ኖራ ተቀባ፤ አጥሩ ቀለም ተቀባ። የጥገና ክፍሉ ደግሞ በግቢው ያለ መኪና ሁሉ፣ የሽመናውም የመፍተያውም፣ ጸድቶና ግራሶ ጠጥቶ እንዲጠብቅ ታዘዘ። የኔ ድርሻ በየክፍሉ እየዞርኩ ለሠራተኛው ፒያኖ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበር። ከዚህ የተሻለ ሥራ ማን ይሰጠኛል?

ጥገና ክፍል ስደርስ መካኒኮቹ እንደ ሌላው ሲያዛጉ ማየት አልፈለግኩም። ስለዚህ በሚያውቁት ነገር ጀመርኩ። "ፒያኖ ማለት" አልኳቸው፣ "እንደ ሽመናው መኪናችሁ ያለ መኪና ነው። ጣት ቁልፉን ይጫናል። ቁልፉ ዘንጉን ያነሣል። ዘንጉ መዶሻውን ይወረውራል። መዶሻው ሽቦውን ይመታል።" በሰሌዳ ላይ ሳልኩላቸው። ወደዱት። ካቦው፣ ከፋብሪካው ጋር አብረው ያረጁ የተከበሩ ሰው፣ እጃቸውን አነሡ።

"ያ ሁሉ ዘንግ ሲሠራ አይፋተግም?"

"ይፋተጋል እንጂ ጋሼ! በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!"

ልክ እንደዚህ ነበር ያልኩት። "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው።"

እንግዳው በሚመጣበት ቀን ዋዜማ ካቦው ለጽዳት ብለው የክበቡን ቁልፍ ከልጅቷ ተቀበሉ። በማግስቱ ልጅቷ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት መፍተያ ላይ ነበረች። ስትወጣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ ሽርጧን ብቻ ፈትታ፣ ወደ ክበቡ ሮጠች። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፒያኖው ላይ ቀይ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ በጨርቁ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አለ።

እንግዳው ቀጭን፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነበር። ሲገባ ፒያኖውን ቀድሞ ልሞክረው አለ። "ከንግግሩ በኋላ" ተባለ። ንግግሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። እኔ ከመድረኩ በስተጀርባ ከእንግዳውና ከአስተርጓሚው ጋር ተቀምጬ ስለነበር፣ ሊቀ መንበሩ ምርት በስንት እጅ እንዳደገ ሲዘረዝር፣ በሹክሹክታ ጠየቅኩ።

"አንድ ሰው ሽልማቱን ካገኘ በኋላ ምን ይሠራል?"

እንግዳው ፈገግ አለ። አስተርጓሚው ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "አንደኛ የወጣው ትልልቅ አዳራሾችን ይዞራል፤ ሸክላ ያስቀርጻል ይላል። ሁለተኛዋ አግብታ አስተማሪ ሆናለች። እኔ ሦስተኛ ነኝ፤ የላኩኝ እሄዳለሁ። ወደብ ላይ ተጫውቻለሁ፤ ጦር ሰፈር ተጫውቻለሁ፤ አይጥ የወለደችበት ፒያኖም ገጥሞኛል።"

"ሽልማቱ እስከ መቼ ያገለግላል?"

"የሚቀጥለው ውድድር አዲስ ሦስተኛ እስኪያወጣ ድረስ፣ ይላል።"

ይህን ያለው ያለ ምሬት ነው። እኔ ግን በሱ ፋንታ ተቆጣሁ። ሰውየው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጣቱን ሲያሠለጥን ኖሮ፣ ዓለም አዳምጦ ጎበዝ ነህ ካለው በኋላ፣ እንደ እቃ ተጭኖ መጥቶ የኛን ሊቀ መንበር የምርት ዘገባ ያዳምጣል። ልጅቷ ደግሞ በሦስተኛው ረድፍ፣ በቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጣቶቿን እያፍታታች፣ ያንኑ ዕድል ትመኛለች። ስለ እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኩት። "እሰማታለሁ፤ የሚገባት ከሆነ እፈርማለሁ" አለ። ከዚያ ቀይ ጨርቁ ተነሣ።

እንግዳው በግራ እጁ አንድ ቁልፍ ነካ። ቁልፉ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሌላ ነካ። እርጥብ ጆንያ ላይ የወደቀ ድንጋይ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ተነሥቶ ክዳኑን ከፈተ፤ እጁን ከተተ፤ ጣቱን አወጣ። ጣቱ እስከ አንጓው ቡናማ ሆኗል። 

"ግራሶ ነው!" አሉ ካቦው ከኋላ ተነሥተው፣ ደስ ብሏቸው። "ከውጭ የመጣው ነው! አንዱንም ዘንግ አልዘለልኩም፤ ከላይኛው ጫፍ ያሉት ትንንሾቹ ብቻ ናቸው የቀሩት፣ ቆርቆሮው አለቀብኝ!"

የፒያኖ መዶሻ በሱፍ የተለበጠ ነው። ሱፍ ግራሶ ጠጣ ማለት ድምፁ ሞተ ማለት ነው። ይህንን ጥገና ክፍል ውስጥ አልተናገርኩም፤ ንጽጽሬን ያበላሽብኝ ነበርና።

ልጅቷ ሳትጠራ ወጣች። የእያንዳንዱን ቁልፍ ጠባይ ስለምታውቅ፣ ከላይኛው ጫፍ ተነሥታ ወደ ታች አንድ በአንድ ነካችና በጥፍሯ አንድ ቦታ ላይ አቆመች፤ ከዚህ ወዲያ ደህና ነው ለማለት። እንግዳው ራሱን ነቀነቀላት። ከዚያ በዚያች በቀረችው ሲሶ ላይ፣ ሁለቱም እጆቹ እስኪጠላለፉ ድረስ ተጠባብቀው፣ ዐሥር ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ የመጀመሪያ ካፊያ ነበር። ሰው በእግሩ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ያንን ጭብጨባ ያዘዘው አልነበረም።

አሁን የእሷ ተራ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿን አንሥታለች።

"አሻጥር!" አለ ሊቀ መንበሩ።

ያ ቃል በዚያ ዘመን ሰው ያስበላ ነበር። "በእንግዳችን ፊት ሊያዋርደን አሻጥር የሠራ አድኃሪ አለ! ቁልፉ በማን እጅ ነበር?" ካቦው ደስታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ክንዳቸውን ያዙ። ልጅቷም ከወንበሩ ተነሣች፤ ቁልፉ የኖረው በእሷ እጅ ነውና።

ተነሣሁ። መነሣቴ ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። ግን ምን ማለት ነበረብኝ? "እንደ ሽመና መኪና ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ መኪና ሁሉ ግራሶ ይጠጣ ያሉት እርስዎ ነዎት።" በቃ። አንድ ትንፋሽ ነው። እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። ከቁልፉ ተነሣሁ፤ ወደ ዘንጉ ሄድኩ፤ ከዘንጉ ወደ መዶሻው። በአየር ላይ በጣቴ ሳልኩ። ንጽጽር ምን ጥቅም እንዳለው፣ ገደቡስ የት እንደሆነ ተናገርኩ። ሰው መሳቅ ጀመረ፤ እኔ ደግሞ ሳቁ ካቦውን እንደሚያድን ስለገባኝ ይበልጥ አስረዳሁ። ጠባቂዎቹም ሳቁ። የካቦውን ክንድ ለቀቁ። ትእዛዙ የማን እንደነበረ ስደርስ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየ።

"በቃ፣ በቃ፣ ጓድ መምህር! ጊዜው አልቋል። እንግዳችን ማታ ከተማ ውስጥ ለመሪዎቻችን ይጫወታሉ። መፈክር!"

ጊዜው አልቋል! አንድ ሰዓት ሙሉ ምርት ሲያሳድግ የዋለ ሰው! ልጅቷ ፒያኖው አጠገብ እንደቆመች ነበር። ሰው ሁሉ ግራ እጁን ሲያነሣ እሷ አላነሣችም፤ ማንም ልብ አላላትም።

ወደ መኪናው ሮጥኩ፤ እሷን በክንዷ ይዤ። እንግዳው አየንና ቆመ። እጇን ያዘ፤ መዳፏን ገልብጦ ክር የሰነጠቃቸውን ጣቶቿን አየ፤ በቋንቋው ረጅም ነገር ተናገራት። አስተርጓሚው ከፊተኛው መኪና ገብቶ በሩን ዘግቷል። ማመልከቻውን አውጥቼ ብዕሬን ስዘረጋ፣ ሊቀ መንበሩ በመካከላችን ገብቶ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ።

"ወረቀት በጽሕፈት ቤት በኩል ነው የሚሄደው። ሥርዓት አታውቅም እንዴ፣ መምህር ሆነህ?"

መኪኖቹ በኖራ በተቀቡት ድንጋዮች መካከል ወደ ቃሊቲ ወጡ።

"ምን አለኝ ቲቸር?" አለች።

"መልካም ነገር ነው ያለሽ።"

"መልካም ነገር እየተናገራችሁ ነው ቀኑን የዋላችሁት ሁላችሁም" አለችኝ። ሰላምታም ሳትሰጠኝ ሄደች። ካቦው ግን ክበቡ ውስጥ ቀርተው፣ ሱፉን በነጭ ጋዝ ባጥበው ይለቅ ይሆን እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። "ምንም አይንኩ!" ብዬ ጮህኩባቸው፤ በእድሜ አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ።

ለወረቀቱ በየሳምንቱ ተመላለስኩ። ጽሕፈት ቤቱ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ቤት ነው፤ የምጠብቀውም ፒያኖው ይቆምበት በነበረው ሳሎን ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ነው። "በሂደት ላይ ነው" ይሉኛል። የተላኪዎቹ ዝርዝር ወጥቶ፣ መካኒኮቹም ሐኪሞቹም ከሄዱ በኋላ፣ ወረቀቱ ተመለሰልኝ። ሁለቱ ባዶ መስመሮች ባዶ ናቸው። በእነሱ ላይ በሰያፍ፣ በወይን ጠጅ ቀለም፣ ማኅተም አርፎበታል፤ "ታይቷል" ይላል።

ክፍል ውስጥ፣ ሌሎቹ ሳይገቡ፣ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች።

"ምኑን ነው ያዩት?" አለችኝ።

ጠመኔ በእጄ ይዤ ቆምኩ። መልስ እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ፤ እውነቷን ነበር የምትጠይቀው። ሌሎቹ ተማሪዎች ገቡ፤ ወረቀቱን አራት አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ተቀመጠች።