ሂጃብ ሲያይ ብድግ የሚለው ዘበኛ

እስቲ ይህን ዘበኛ እዩት። አዳማ፣ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ወንበሩን ከግንቡ አጣብቆ ይቀመጣል፤ ጀርባውን ለመንገድ አይሰጥም። ባጃጅ አጠገቡ በተነሳ ቁጥር ክው ይላል። ሱፍ የለበሰ ሰው ትልቅ ቦርሳ ይዞ ሲመጣ «ይግቡ ጋሼ» ብሎ ያሳልፋል። ሂጃብ የለበሰች ሴት ስትመጣ ግን ብድግ ይላል።

ዛሬ ጠዋት፣ ስኳር በሽታ ይዟቸው ከዓለም ጤና ከተማ የመጡ አንዲት ሂጃብ የለበሱ እናት ፌስታላቸውን ሦስት ጊዜ አራገፈባቸው።

«ልጄ፣ ሽንኩርት እኮ ነው! ለሐኪሙ ያመጣሁት ነው። ተራዬ አለፈ» አሉት።

«እናቴ፣ ሞቃዲሾ ላይ ቦምብ ታጥቃ ጓዶቼን የጨረሰችውም እንደ እርስዎ ያለች እናት ናት» አለ።

የሶማሊያ መንግሥት ከራሱ ግቢ አጥር ማለፍ ባቃተው በዚያ ከተማ፣ ከአልሸባብ ጋር በየጉራንጉሩ ሲታኮስ የከረመ ወታደር መሆኑ ያኔ ገባኝ። አሳዘነኝ። ታዲያ እኚህ ሴትዮ ምን አደረጉት? ሙስሊም መሆናቸው ነው ጥፋታቸው? ፍተሻው ሳያልቅ ሐኪሙ ወጥቶ ሄደ፤ እሳቸውም «ነገ ይምጡ» ተባሉ። እኔን ጨምሮ በር ላይ የቆምነው ሁሉ አፋችንን ዘግተን አየን።

ሳትፈተሹ የምታልፉ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ነገ ከእሳቸው ፊት ቅደሙና ቦርሳችሁን ዘርግፋችሁ «መጀመሪያ እኔን ፈትሽ» በሉት።