አራተኛው ግድግዳ

ነቀምቴ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ አራት ግድግዳዎች ላይ አንድን ኮረብታ አራት ጊዜ ሳልኩት። በመጀመሪያው ግድግዳ ጫካ ብቻ ነው። በሁለተኛው እርሻና ጭስ የሚወጣባቸው የጭቃ ቤቶች አሉ፤ በሦስተኛው ግንብና ገበያ ያለው ትልቅ ከተማ። በአራተኛው ከተማው ፈርሷል፤ የድንጋይ ዓምዶቹን ሐረግ ወርሷቸዋል፣ ከበላያቸውም ጨረቃ ወጥታለች። አገር ይነሣል፣ አገር ይወድቃል፣ ኮረብታው ግን ባለበት ይቀራል ማለቴ ነበር። ሥዕል ስማር የድሮ አውሮፓውያን ሰዓሊዎች ፍርስራሽን እንዴት እንደሚያሳምሩት አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቷል።

የሆቴሉ ባለቤት ጉራጌ አገር ተወልደው ነቀምቴ የሸበቱ ነጋዴ ናቸው። አራተኛውን አልወደዱትም።

"ኦቦሌሳ፣ ሰው ክትፎ እየበላ ፍርስራሽ ይይ?" አሉኝ። ኦቦሌሳ እዚህ አገር ወንድም ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። አራተኛው ከሌለ ሦስቱ ውሸት ናቸው ብዬ ድርቅ አልኩ። ታከታቸውና ተዉኝ።

ያልነገርኳቸው፣ ኮረብታው የእኛ መሆኑን ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ጊዳ አያና፣ ከዚያ ኮረብታ ሥር ነበር። ታላቅ እህቴ ያኔም በአባታችን ቤት ትኖር ነበር። ደስ ብሎኝ ደወልኩላት።

"ቤታችንንም ሳልከው?" አለችኝ።

"ሁለተኛው ላይ አለልሽ።"

"አራተኛውስ?"

"አራተኛው ፍርስራሽ ነው።"

ያን ሰሞን እነሱ ዘንድ ተኩስ ይሰማ ነበር፤ ከአጎራባቹ ወረዳ ከኪራሙ የሸሹ ሰዎችም መንደራችን ደርሰው ነበር።

"አታሟርትብኝ፣ ወንድምዓለም። ዛሬውኑ አጥፋው።"

እኔ ግን ሳቅሁ። ስለ ሥልጣኔ አስተምራት ጀመር፤ ተነሥቶ የማይወድቅ የለም አልኳት። ከተማ ተቀምጬ፣ ተኩስ የምትሰማዋን ሴት! ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ በእፍረት ይግላል።

በሳምንቱ ስልኳ ጠፋ። ኔትወርክ ተቋርጧል፣ መንገዱም ተዘግቷል ተባለ። ክረምቱ ገባ። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ እየሄድኩ ከዚያ በኩል የመጣ ሰው እጠይቃለሁ። አንዱ መንደሩ ተቃጥሏል ይለኛል፣ ሌላው ደህና ነው ይለኛል፤ ሁለቱም በዓይናቸው አላዩም። በሟርት የማላምን ሰው ነበርኩ። ያን ሰሞን ግን "ካፍ ከወጣ አፋፍ" የሚለው ተረት እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ ቀን አራተኛውን ላጠፋው ነጭ ቀለም በባልዲ ይዤ ሆቴሉ ሄድኩ። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ጋዋናቸውን እንደለበሱ አራተኛው ግድግዳ ሥር ተሰልፈው ፎቶ ይነሣሉ። ባለቤቱ በሩ ላይ አስቆሙኝ።

"ምን ልታደርግ ነው? ለዚህ ግድግዳ ብሎ የሚመጣ ሰው አለ እኮ።"

"እህቴ እዚያ ናት" አልኳቸው።

"የት?"

በጣቴ ኮረብታውን አሳየኋቸው። አልገባቸውም፤ እንዴትስ ይግባቸው። "ግድግዳው የኔ ነው፤ ባልዲህን መልስ" አሉኝ። አንዲት ተመራቂ አበባዋን ታቅፋ ዓምዶቹ ፊት ፈገግ ትላለች። ምንም ሳታደርገኝ ጠላኋት።

መስከረም ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። እሷ ናት። ጎረቤታችን የሆኑ ኦሮሞ ሽማግሌ ክረምቱን ሙሉ ቤታቸው ደብቀው አቆይተዋት፣ መንገዱ ሲከፈት በጭነት መኪና አሳፍረዋት ነቀምቴ ገብታለች። ሮጬ መናኸሪያ ደረስኩ። ከስታ የሰው ጥላ መስላለች፤ በእጇ ከአንድ የማዳበሪያ ከረጢት በቀር ምንም የላትም። አላለቀሰችም። ቤቴ ልወስዳት ባጃጅ ስጠራ፣

"መጀመሪያ ሥዕሉን አሳየኝ" አለች።

"እህል ቅመሺ፣ ትንሽ እረፊና…"

"አሁን።"

አዳራሹ ባዶ ነበር። ሦስቱን ግድግዳዎች ዝም ብላ አልፋ አራተኛው ፊት ቆመች።

"እታለም፣ እኔ ነኝ ያሟረትኩብሽ" አልኳት።

ብዙ አየችው።

"ይኼ ድንጋይ ከየት መጣ?" አለች። "የኛ ቤት ጭቃ አይደለም? እንጨቱ ነደደ፣ ቆርቆሮውን ወሰዱት፣ የቀረውን ግድግዳ ክረምቱ አጠበው። የቆመ ነገር የለም። ዱባው ብቻ ከጓሮ ተስቦ መጥቶ ወለሉን ሞልቶታል።" ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። "ሟርት ቢሆን ኖሮ ልክ ይሆን ነበር። አንተማ ምኑን አውቀህ።"

ጣቷን ከአንዱ ዓምድ ሥር አሳረፈች። "ወፍጮው እዚህ ነው፣ ከበሩ በስተግራ። ከብዷቸው ትተውት ሄዱ።"

"መጁስ?" አልኩ። እናታችን እህል ስትፈጭ ወፍጮው ላይ የምትገፋው ትንሹ ድንጋይ ነው፤ ከመግፋቷ ብዛት ለስልሶ ነበር።

ከረጢቱን ፈታችና አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በማግሥቱ ማንንም ሳላስፈቅድ ዓምዶቹንም ጨረቃዋንም አጠፋሁ። በቦታቸው ዱባ ሳልኩ፤ በሩ ከነበረበት በስተግራ ደግሞ ያለ መጁ የቀረ ወፍጮ። ባለቤቱ መጥተው አዩና "ፍርስራሹ የታለ?" አሉኝ። "ይኸው" አልኳቸው። ቆመው አዩት፤ ያለወትሯቸው አልተከራከሩኝም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ግድግዳ ሥር ፎቶ የሚነሣ የለም።