እንግዳ ያልመጣበት ሶላል

ኦክሲም ዕድሜዋን ሙሉ በሙክሆ ወደብ ዓሣ ስታደርቅ የኖረች ሴት ናት። ባሏን ባሕር ከወሰደው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለዱም። አማቷን እማማ ቡንሬን ግን ጥላ አልሄደችም። እማማ ቡንሬ ጤነኛ ሳሉ አንድ ቀን እንኳ «እሰይ የኔ ልጅ» ብለዋት አያውቁም፤ የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲያ ደግሞ ስሟም ጠፋባቸው።

የዓመት መለወጫው ሶላል ሲደርስ ቤቱ በዘመድ ይሞላ ነበር። አምና ግን ጫጫታው አስፈራቸውና እማማ ቡንሬ የልጅ ልጃቸውን በጭልፋ መቱት። ዘንድሮ በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው የባሏ ወንድም ቻንጉ ከሴኡል ደወለ።

«እትዬ፣ እማዬ እንድታርፍ ብለን ነው እንጂ… ዘንድሮ ብንቀርስ?»

«ደግ አሰብክ» አለችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ጉልበቷን አቅፋ ብዙ ተቀመጠች።

በማግስቱ ቆርጣ ተነሣች። ሃያ ዓይነት ምግብ መደርደሩን ተወችው። ቴሌቪዥኑን ዘጋች። ሥጋና ጎመን ከትፋ፣ ሊጥ ዳምጣ፣ ማንዱ እንዲጠቀልሉ አማቷ ፊት አቀረበች። እማማ ቡንሬ ስም ቢረሱም እጃቸው ሥራውን አልረሳም ነበር፤ ሊጡን እያጠፉ ጠርዙን ቆንጠጥ ቆንጠጥ ያደርጉት ጀመር። ከዚያ ኦክሲም የጠቀለለችውን አዩ።

«ይሄ ምንድነው? ጆሮ ነው?»

«ማንዱ ነው፣ እማዬ።»

«ማንዱ ያላማረላት ሴት የምትወልደው መልከ ጥፉ ነው ሲባል አልሰማሽም? ወይኔ ያቺ ልጅሽ! ማን ያገባታል?»

ኦክሲም ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። «አይስጉ፣ ቆማ ትቅር እንጂ ለማንም አልሰጣትም» አለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለሁለት አፍ መቶ ሃያ ጠቀለሉ።

የሶላል ለት ጧት ኦክሲም ሣጥን ውስጥ የከረመ የሐር ቀሚሷን ለብሳ ለአማቷ እጅ ልትነሣ ገባች። እማማ ቡንሬ ግን ቀደሟት። ተንበርክከው፣ መዳፋቸውን ደራርበው፣ ግንባራቸውን ወለሉን አስነኩ።

«እናቴ፣ እንኳን አደረሰሽ» አሉ፣ በሕፃን ድምፅ።

«ኧረ ይነሡ፣ ነውር ነው!»

አልተነሡም። ምርቃት ይጠብቃሉ። ኦክሲም ቢቸግራት ቁጭ አለችና እጇን ራሳቸው ላይ ጫነች። «እደጊ፣ ልጄ። ጤና ሁኚ።»

እማማ ቡንሬ ቀና ብለው አንሾካሾኩ። «እናቴ፣ እዚህ ቤት አንዲት ሴት አለች። ገላዬን የምታጥበኝ እሷ ናት። ዛሬ በዓል ነው፣ ማንም አልመጣላትም። እንዳታባርሪያት።»

«አላባርራትም።»

«ማይልኝ።»

ማለችላቸው።

ማንዱ የገባበትን ሾርባ አብረው በሉ፤ መቼም የሶላልን ሾርባ ያልቀመሰ ዕድሜ አይጨምርም ይባላል። እማማ ቡንሬ ሁለት ሳህን ጨርሰው ከሥሩ በእሳት በሚሞቀው ወለል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ኦክሲም የሆነውን ለአንድ ሰው ለመንገር ቸኮለችና ቻንጉ ዘንድ ደወለች። ከወዲያ ማዶ የልጆች ሳቅና ሁካታ ይሰማል።

«እትዬ! ምነው፣ እማዬ ደህና አይደለችም?»

«ደህና ናቸው። እንዲያው… እንኳን አደረሳችሁ ልል ነው።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን! ቆይ ልጆቹን ልጥራልሽ» አለና ስልኩን አስቀምጦ ሄደ። ማንም ተመልሶ አላነሣውም። ኦክሲም የሰው ቤት ሳቅ ጥቂት አዳምጣ ዘጋችው፤ ከአማቷም ጎን ጋደም አለች።

ይህን ለእኔ ለሥራ ባልደረባዋ ያጫወተችኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እማማ ቡንሬን ከቀበርን ወዲያ፣ ወደቡ ላይ ዓሣ እያሰጣን። እስከዚያ ቀን ለማንም አልነገረችም ነበር።