ባለ ሲሚንቶው ዳክ

ኤጭ! ይሄን ካርቶን ከፊቴ አንሳልኝ እስቲ። ገና ስትከፍተው ብው ብሎ የወጣው የፕላስቲክና የሙጫ ሽታ ዛሬም ያስጠላኛል። ሌላው ሰው አዲስ ዕቃ ሲሸተው ደስ ይለዋል፤ እኔን ያጥወለውለኛል። ዘፈን በደንብ ለመስማት ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ ዳክ ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻላል ብለህ መጠየቅህ ደግ ነው፣ እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ ግን መስኮቱን ክፈትልኝና የአባቴን ነገር ልንገርህ።

አባቴ የጎጃም ሰው ነበር። በወጣትነቱ አውቶቡስ እየነዳ ወደዚህ መጣ፣ ሲሬ ላይ እናቴን አገኘና ነቀምቴ ላይ ቀረ። ዕድሜውን በአኖ በሲሬ በኩል ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ሲመላለስ ነው የጨረሰው። የዚያን ጊዜ አውቶቡስ ሞተሩ ከሾፌሩ ጎን ነው የሚቀመጠው፤ ላዩን በብርድ ልብስ ይሸፍኑታል እንጂ ጩኸቱ አይሸፈንም። አባቴ ያንን ጩኸት ለመርሳት ካሴት ይከፍታል፣ ካሴቱ እንዲሰማ ደግሞ ድምፁን ይጨምራል። ጡረታ ሲወጣ ጆሮው ደክሞ ነበር።

እኔ ያኔ የመሰናዶ ተማሪ ነኝ፤ እናቴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ጆሮውን አይቶ፣ መርምሮ፣ «አባቴ፣ ነርቩ ነው እየደከመ ያለው። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሌላውም ቀስ እያለ ይከተላል» አለው። መድኃኒት የለውም ማለቱ ነው። አባቴ መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ቆመና፣ «እንግዲህ ሳይዘጋብኝ ዘፈኖቼን ልጥገባቸው» አለኝ። ሌላ ምንም አልፈለገም። ጆሮው ሳይዘጋ የክራሩን ጣት፣ የማሲንቆውን ጭረት፣ የዘፋኙን ትንፋሽ አንድ ጊዜ አጥርቶ መስማት ነበር የፈለገው።

ታዲያ በምን ይስማ? ካሴቶቹን የነቀምቴ ክረምት በልቷቸዋል። ሳጥኑን ስከፍተው ነጭ ሻጋታ ክሩ ላይ እንደ ጥጥ በቅሎ፣ ሽታው እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይል ነበር። በኋላ በሲዲ የገዛቸው ነበሩ፤ የሲዲ ማጫወቻውን ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ አቃጠለው። ስለዚህ ዘፈኖቹን እኔ ወደማጠናበት አሮጌ ኮምፒዩተር ገለበጥኳቸውና በገመድ ከድሮው አምፕሊፋየር ጋር አገናኘሁት። ምነው ባላገናኘሁት! ድምፁ የሳሳ፣ ከሥሩ ዝንብ የገባበት ይመስል እዝዝ የሚል፣ ማውዙን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ጭርርር የሚል ነገር ሆነ። አባቴ እሬት እንደቀመሰ ሰው ፊቱን ቋጠረና፣ «አጥፊው፣ አጥፊው። ሬሳ ነው የሚዘፍነው» አለኝ።

እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ አብሮት የሚሰማው የእናቴ ወንድም ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ኮቱ ላይ ሁልጊዜ የክር ቁራጭ አይጠፋም። እኔ ኤሱማ ነው የምለው፣ በኦሮምኛ አጎቴ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ አባቴን ሶዳ ይለዋል፣ አማቼ እንደማለት። የተቀቀለ አንጮቴ፣ ያንን የወለጋ ሥር፣ አቀርብላቸዋለሁ፣ በሚጥሚጣ እየነከሩ ይበላሉ፣ ዘፈን ይሰማሉ። አንዱ ስለ ጎጃም ሲዘፈን፣ ሌላው ስለ ወለጋ ሲዘፈን አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ኮምፒዩተሩ ከተሰካ ወዲህ ግን አንጮቴው ብቻ ነበር የሚበላው።

ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሳነብ ነው ዳክ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት። ለአባቴ ሳስረዳው፣ «ኮምፒዩተሩ ዘፈኑን የያዘው በቁጥር ነው፤ ያንን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚመልሰው ዕቃ ነው ዳክ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው መናኛ ስለሆነ ሌላ ከውጭ እንሰካለታለን» አልኩት። ወዲያው ገባው። «አስተርጓሚ ነዋ!» አለ። «ገበያ ላይ ኦሮምኛውን ላልሰማ፣ አማርኛውን ላልሰማ እንደሚያስማማው ሰውዬ። መጥፎ አስተርጓሚ ከራሱ ይጨምራል።» ከዚህ የተሻለ አድርጎ ያስረዳኝ እስከ ዛሬ የለም።

ገበያው አጠገብ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣልን። አንዷ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም የማትበልጥ፣ ጥቁር፣ መልከ ጥፉ ነገር ናት። ያነበብኩት ስለ እሷ ስለነበር የአባቴን ክንድ ጎሸም አደረግሁት። ሌላኛው ወርቃማ ሳጥን ነው፤ ከፊቱ ሰማያዊ መብራት ይፈነጥቃል፣ ከጎኑ ሁለት ትልልቅ መዘውር አለው። ባለሱቁ ማር ማር የሚል አፉን ከፍቶ፣ «አባቴ፣ እኔ ምንም አልልዎትም። እርስዎ ራስዎ ክብደቱን ይዩት» አለው።

አባቴን እዚህ ላይ ነው ያገኘው። መቼም ታውቃለህ፣ እኛ አገር ሰው ሬዲዮም ይግዛ ቁልፍ፣ ቻርጀርም ይሁን ካውያ፣ መጀመሪያ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከከበደ ኦሪጅናል ነው፣ ከቀለለ ፎርጂድ ነው። አባቴ ደግሞ የዚህ ነገር ሊቅ ነበር፤ የመንገድ ደንበኞቹ ሁሉ ከአዲስ አበባ ዕቃ ግዛልን የሚሉት በእጁ ስለሚተማመኑ ነው። ትንሿን መዳፉ ላይ አስቀመጠና፣ «ይቺማ ባዶ ክብሪት ናት» ብሎ መለሳት። ወርቃማውን ሲያነሳው ክንዱ ዝቅ አለ። ፊቱ በራ! «አየሽ ልጄ፣ ዕቃ ማለት ይሄ ነው።» እኔ፣ «አባዬ፣ የዚህ ነገር ክብደት ከድምፁ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም» ብዬ አፌ እስኪደርቅ ብነግረው ማን ይስማኝ! ተሸክመነው ገባን።

ወይ ያ ሳጥን! ሰማያዊ መብራቱ ሳሎኑን ሁሉ ሬሳ አስመሰለው። ትንሽ እንደሠራ መሞቅ ይጀምርና ያ ሽታ ይመጣል፤ የተቃጠለ ፀጉርና የጫማ ማስቲሽ የተቀላቀለ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅ። ድምፁስ? ድንቄም ድምፅ! ቤዙ ቡም ቡም እያለ መስታወት ያንቀጠቅጣል፣ ክራሩ የገባበት አይታወቅም፣ ዘፋኟ ከብርድ ልብስ ሥር ሆና የምትዘፍን ነው የምትመስለው። ኤሱማ መጀመሪያ የሰማው ቀን አንጮቴውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። «ማል ከነ?» አለ፤ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ማለቱ ነው። አባቴ ግን፣ «ይለመዳል» አለ። እጁ መርጦት እንዴት አይለመድም?

ክረምቱን በሙሉ ያንን ቆሻሻ ድምፅ ሰማን። የሚያበሳጨኝ እሱ ነው፣ እስከ ዛሬ ድረስ። ጆሮው በየሳምንቱ እየሄደ፣ የቀረችውን መስማት በዚያ ሳጥን ላይ አፈሰሳት። በሐምሌ አካባቢ የስልኩን ጥሪ መስማት አቆመ። ነሐሴ ላይ ከጓሮ ስጠራው መልስ የለም፣ ፊቱ ካልቆምኩ አያውቀኝም። እሑድ ሲደርስ ግን ኮቱን ለብሶ ወርቃማው ሳጥን ፊት ይቀመጥና መዘውሩን ያዞራል። እኔ እየተጸየፍኩ አንጮቴዬን እልጣለሁ። ሳጥኑን አንስቼ ጉድጓድ ውስጥ ብወረውረው በወደድኩ።

መስከረም ሲጠባ አንድ እሑድ ሽታው ባሰ፣ ከጀርባው ቀጭን ጭስ ወጣ። ገመዱን ነቀልኩት። ኤሱማ ከስፌት መኪናው መፍቻ አምጥቶ ብሎኖቹን ፈታቸውና ክዳኑን አነሳው። ሦስታችንም አጎንብሰን አየን። ውስጡ ባዶ ነው፤ ጥግ ላይ ጥፍር የምታህል ሰርኪት፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ መሐሉ ላይ ደግሞ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ በቢጫ ሙጫ የተለጠፈ ጡብ መሰል ነገር። ሙጫው ቀልጦ እንደ ንፍጥ ተዝረክርኳል። ኤሱማ ፕላስተሩን ላጠው። ሲሚንቶ!

እውነተኛ ሲሚንቶ፣ ቤት የሚሠራበት። ኤሱማ ከት ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቋርጦ በበሩ በኩል እንትፍ አለ። አባቴ ሲሚንቶውን ነቅሎ በአንድ እጁ፣ ባዶውን ሳጥን በሌላው እጁ ያዘና ሁለቱን ከፍ ዝቅ አደረጋቸው። «እጄ ዋሸኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ስንሄድ ሎሚ እንኳ ቢሆን፣ «እስቲ አንቺ ያዢው» ይለኝ ነበር። ለዚህ ነው ያንን ሳጥን የምጠላው።

ይዤው ወደ ሱቁ ሄድኩ፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። ባለሱቁ ሲሚንቶውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ታሽጎ ነው የሚመጣልኝ» አለኝ። ይሄንን እያለኝ፣ እዚያው፣ ዓይኔ እያየ፣ ለአንዲት የገጠር እናት የእጅ ባትሪ አቀብሎ፣ «እማማ፣ ክብደቱን ይዩት» አላት! ሲሚንቶውን መስታወቱ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። አሁን በዚያ ሱቅ ሌላ ሰው ጫማ ይሸጥበታል፣ እኔ ግን መንገድ ተሻግሬ ነው የማልፈው።

ትንሿን ዳክ ለመስቀል በዓል ጨርቅ ሊገዛ አዲስ አበባ የሄደው ኤሱማ አመጣልኝ፤ ለሻጩ በስልክ እኔው ራሴ ነገርኩት። ኪሱ ውስጥ ከክርና ከቁልፍ ጋር ተቀላቅላ ነው የመጣችው። ሰካኋት፣ የሚወዱትን ዘፈን ከፈትኩ። የክራሩ ጣት መጣ። ዘፋኟ ስንኝ ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ ሰማኋት፤ እዚያ ቤት ውስጥ አብራን የተቀመጠች ያህል ነበር። ዕንባዬ መጣ። ኤሱማም፣ «ኢንተላ ኮ!» ብሎ ልጄ እያለ ጭንቅላቴን ያዘኝ። ዞሬ አባቴን ሳየው የኛን ፊት ያያል። «ሠራ?» አለኝ። «ሠራ አባዬ» አልኩት። «ጎበዝ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

እና ለጥያቄህ መልሱ፣ ቀላሏን ግዛ። መብራት የሚያብለጨልጭ አትግዛ፣ ቤዝ እጨምራለሁ የሚልህን አትስማ፣ ከሱቁ ሳትወጣ የምታውቀውን ዘፈን አስከፍተህ እስክትጠግብ ስማው። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። በቃ፣ ስለ ዳክ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ እሑድ ቀርቶበት አያውቅም። ወንበሩን ድምፅ ማጉያው ፊት ያደርግና ጉልበቱን በጣቱ እየመታ ይሰማል፤ ምን ያህሉ እንደሚደርሰው አይነግረንም፣ እኛም አንጠይቀውም። ኅዳር ውስጥ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ የተኛችበት ጊዜ፣ ዘፈኑ መሐሉ ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ኮምፒዩተሩ ጠፋ፣ አምፕሊፋየሩ ጠፋ፣ ቤቱ ጭር አለ። ከጎረቤት ዶሮ ስትጭር ይሰማል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጣቱ ጉልበቱን መምታቱን አላቆመም።

ኤሱማ፣ «ኢብሳን በዴ፣ ሶዳ፣ መብራቱ ሄደ…» ብሎ ጮክ ብሎ ሲጀምር አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን አነሳ። «ቆይ እንጂ» አለው፣ «እዚህ ጋ ነው የሚያምረው።»

ኤሱማ ዞረ። እኔን አየኝ፣ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተደግፎ እሱም ዓይኑን ጨፈነና አንገቱን መነቅነቅ ጀመረ። እኔም ቁጭ አልኩ፤ አባቴ «ይሄ ነው ዘፈን» ብሎ ዓይኑን እስኪገልጥ ድረስ ሦስታችንም ሰማን።