የአፍደሙ በርሜል

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ብርድ ልብሶቹን በረንዳው ላይ ስሰቅል ስልኬ ጮኸ። መሐድ ነው፤ ከአፍደም። አባቱን እዚያው ከቀበረ ሳምንት ሊሞላው ነው። እኔ ወገቤ ይዞኝ ለቀብሩ ስላልደረስኩ ያጽናናሁት በስልክ ብቻ ነበርና ድምፁን ስሰማ ሐፍረት ቢጤ ተሰማኝ። ስለ ሰውየው ጥቂት ተጨዋወትን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ታደለ፣ በርሜሉ አለ» አለኝ።

«የቱ በርሜል?»

«የኤሪክ ነዋ። እንደቆመ ነው። ሳህኑን ይዘህ ና።»

ስልኩን ዘግቼ ጓዳ ገባሁ። ቢጫውን ሳህን ከባዶ ካርቶኖች ሥር አገኘሁት። ጠርዙ ተፋፍቋል፣ ቀለሙም ወይቧል። ባለቤቴ አቧራውን በክንዴ ስጠርግ አየችና «ይሄን ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ። መልሱ ረዘም ስለሚል «ኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። እዚህ ብጽፈው ይሻላል።

ሐርተሼክ የነበረው የስደተኞች መጠለያ ገና ሳይዘጋ፣ እኔም ሃያዎቹን ስጀምር፣ ኤሪክ የሚባል ፈረንጅ ጅጅጋ ተቀምጦ በየወረዳው የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። ጓደኛዬ መሐድ ሾፌሩ ነው። ይህ ሰው ጉድጓዱ ውሃ በሰጠ ቁጥር ከተረፈው ቧንቧ አንዱን መሬት ላይ ያስተክልና ጫፉ ላይ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ያስበይዳል። ከዚያ ከሩቅ ቆሞ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳህን ወደ በርሜሉ ይወረውራል። ሳህኑ ካልገባ፣ ከወደቀበት ቦታ ቆሞ ይደግማል። በትንሽ ውርወራ በርሜሉ ውስጥ የከተተ አሸነፈ፤ ጨዋታው ይኸው ነው። በአገሩ ሰዎች ለዚህ ብለው ስንቅ ቋጥረው፣ በመኪና ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ቀናት ሙሉ እንደሚጫወቱ ነገረን። ይህቺ ወሬ ልቤ ውስጥ ቀረች።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው ሁሉ ስቄበታለሁ። ጢሙ ደረቱ የደረሰ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ሳህን ሲወረውር ያየ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ዕቃ ይዞ የወጣ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ግን «እስቲ ሞክር» ብሎ ቢጫውን ሰጠኝ። የጅጅጋን ነፋስ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሲብስበት የሱቅ መዝጊያ ይነቅላል። ሳህኑ ከእጄ እንደወጣ ነፋሱ ተቀበለው፣ ከፍ አደረገው፣ ዞር አድርጎም ቀስ ብሎ በርሜሉ ሥር አስቀመጠልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለከፍኩ። ኤሪክ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ቢጫውን ለእኔ፣ ቀዩን ለመሐድ ትቶልን ሄደ።

አሁን ስለ አፍደም ልናገር፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ነውና። የመሐድ አባት አቶ ኢጌ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከመሐድ እናት ጋር ሲፋቱ የባቡሩ መስመር ላይ ወዳለችው አፍደም ሄደው ሌላ ትዳር መሠረቱ፤ መሐድ ያኔ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አልተያዩም። ያሳደጉት የእናቱ ወንድሞች ናቸው። የአባቱ ነገር በቤቱ አይነሳም፤ ሆድ ይፍጀው ተብሎ የተተወ ጉዳይ ነው። ኤሪክ አፍደም ጉድጓድ ሊያስቆፍር ሲሄድ መሐድ ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀረና ሌላ ሾፌር ወሰደው። ፈረንጁ ሲመለስ በተሰባበረ አማርኛው እንዲህ አለ፦ «አንድ የባቡር ሰውዬ ቧንቧ ሲተከል ያዘልኝ። ጅጅጋ ያለው ሾፌርህ መሐድ ኢጌ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። በርሜሉን ማንም አይነካም፣ መጥቶ ይጫወት አለኝ።» መሐድ ባልዲውን አነሳ። ጠዋት ያጠበውን መኪና እንደገና ማጠብ ጀመረ።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኤሪክ በርሜል ያስተከለባቸውን ቦታዎች በአንድ ጉዞ ዞረን እንጫወት አልኩት፤ ሐርተሼክ፣ አውበሬ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ተሻግረን አፍደም። የመጨረሻውን ስም ስጠራ መሐድ ፊቱን አዞረ።

«አባቴን ልይ ብዬ አልሄድም» አለ ቆይቶ። «የሄደው እሱ ነው። እኔ ልጫወት እሄዳለሁ። እዚያ ካገኘሁት አገኘሁት።»

«እኔ መች ሌላ አልኩህ?» አልኩት። የኤሪክን ወሬ ከሰማ ጀምሮ ልቡ አፍደም ላይ እንደተሰቀለ ግን ይታየኝ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ሥራችን ማቀድ ሆነ። በአባቴ ሱቅ ባንኮኒ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ መንገዱን እስላለሁ። ደንበኛ መጥቶ አቡጀዲ ሲዘረጋለት የሳልኩት የካራማራ ተራራ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ሲወጣ እንደገና እስለዋለሁ። መኪናው የመሐድ አጎት ፒካፕ ነው። አጎቱ ሸቀጥ ሊያመጣ ሐርጌሳ የሚሰነብትበት አንድ ሳምንት ነበርና ያቺን ሳምንት ያዝን። ነዳጁን፣ ውሃውን፣ የጎማ መለጠፊያውን፣ ቴምሩን አሰብኩ። የቱ መንገድ ጭቃ እንደሚይዝ፣ የቱ ኬላ ፈትሾ እንደማይጠግብ ጠያየቅኩ። ነፋሱ ማለዳ ላይ ስለሚያርፍ ጨዋታው በማለዳ እንዲሆን ወሰንኩ። አባቴ በወጣትነቱ ከወሊሶ መጥቶ ጅጅጋ የሰፈረ ነጋዴ ነው፤ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ እያየ «ጎሽ፣ የቀረህ ነገር የለም» ይለኝ ነበር። ለሁለታችንም ያልታየን ነገር ግን ነበር። እኛ በዚያ መንገድ ሁሉ አንድ ዘመድ የለንም። መሐድ ደግሞ ዘመድ የሌለው መንደር አልነበረውም።

ጥቅምት ሲገባ ተነሳን። ሜዳው ዝናብ ጠግቦ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከቀብሪበያህ ወዲያ ግመሎች መንገዱን ዘግተው በዝግታ ያልፋሉ፣ እኛም ቴምራችንን እየበላን እንጠብቃለን። በሕይወቴ እንደዚያ ማለዳ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ሐርተሼክ ስንደርስ የኤሪክ ቧንቧዎች ራቁታቸውን ቆመዋል። በርሜሎቹ ወርደው የፍየል ማጠጫ ገንዳ ሆነዋል። ምን ይደረግ፣ ወደ ገንዳው መወርወር ጀመርን። አንዲት ሴትዮ የእኔን ሳህን ከውሃው አወጡና፣ አገላብጠው አይተው፣ ለግልገላቸው ውሃ ቀዱበት። ግልገሉ ጠጥቶ እስኪጠግብ ቆመን ጠበቅን።

እዚያው ሳለን ነው ኤዶ ሐሊሞ የደረሱት። ኤዶ የአባት እህት ማለት ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናው ፊት ቆሙ።

«ወሪያ፣ አንተ መሐድ፣ ደጄን አልፈህ ሳህን ትወረውራለህ አሉ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ዕቅዴን ማን ይየው። ፍየል ታረደ፣ ሩዝ ተሠራ፣ የግመል ወተት በትልቅ ጆግ መጣ። ከምግቡም በፊት «ወራን» አለ። በሶማሌ ዘንድ መንገደኛ አረፍ ሲል ወራን ይባላል፤ ወሬህን ንገረን ማለት ነው። ይህም ደህና ነው ተብሎ አይታለፍም። ከየት ተነሳህ፣ ማን ታመመ፣ የት ዘነበ፣ ግመል እንዴት ዋለ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ለምን፤ ሁሉም ከሥሩ ይነገራል። መሐድ ተረጋግቶ ተናገረ። መጨረሻ ላይ «ከዚህ አውበሬ፣ ከዚያ አፍደም። ሳህን ልንወረውር» አለ። ኤዶ ሐሊሞ ወተት እየቀዱ ነበር፤ እጃቸው ቆም አለ። ከዚያ ቀድተው ጨረሱ።

«ሐዬ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

በማግስቱ ልንነሳ ስንል የታረደው ፍየል ሳያልቅ አይኬድም አሉ። እሳቸው ገበያ ወጥተው እስከ ቀትር አልተመለሱም፤ ሳይሰናበቷቸው መሄድ ደግሞ ነውር ነው። እኔ ግቢው ውስጥ ስንቆራጠጥ መሐድ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል የምትሉት?» እያለ ይቀልድብኛል። በሦስተኛው ቀን ለቀቁን። ሸደር ስንደርስ ደግሞ የአባቱ የአጎት ልጅ መንገድ መሐል ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እንደምንመጣ ሰምተዋል። በዚያ አገር ወሬ መኪና እንደሚቀድም አላሰብኩበትም ነበር። እንደገና ፍየል፣ እንደገና ወራን። አውበሬም እንዲሁ፤ በርሜሉ ገንዳ፣ ቤቱ ግብዣ።

ከአውበሬ ወደ ጅጅጋ ስንመለስ ሳምንቷ ተበልታለች። አጎቱ በማግስቱ ከሐርጌሳ ይገባል፤ አፍደም ሄዶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ የለም። እኔ ንዴቴን መያዝ አቅቶኝ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አልኩት። አልሳቀም። ትንሽ ከነዳ በኋላ መኪናውን ዳር አቆመ።

«እውነቱን ልንገርህ» አለ። «አዝኛለሁ። ደግሞ እፎይ ብያለሁ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ፊቱ ቆሜ፣ ማን ነህ ቢለኝስ?»

የተረፈችውን ቴምር አካፈልኩትና መንገዳችንን ቀጠልን።

ጅጅጋ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ አግዳሚው ላይ፣ ሽርጥ ያገለደሙና ከላይ ያረጀ ሰማያዊ የምድር ባቡር ካፖርት የደረቡ ሰው ተቀምጠው ከአባቴ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። መሐድ ሞተሩን አጠፋ፤ ከመኪናው ግን አልወረደም። እጆቹ መሪው ላይ ቀሩ። ሰውየው ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ተነሱና በመስኮቱ በኩል መጡ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ወራን» አሉት።

መሐድም ነገራቸው። ከጅጅጋ እንደተነሳን፣ ሸደር እንደዘነበ፣ ኤዶ ሐሊሞ ደህና እንደሆኑ፣ የሐርተሼክ በርሜሎች የፍየል ገንዳ እንደሆኑ። ሲጨርስ «አቦ፣ ወራን» አላቸው በተራው። «አባቴ፣ ያንተን ንገረኝ» ማለቱ ነው። ነገሩ በፈጣን ሶማሌኛ ስለነበረ፣ የገበያ ሶማሌኛ ብቻ ለሚያውቀው ለእኔ አባት አልገባውም፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

«ሐሊሞ ከሐርተሼክ በነጋዴዎቹ ሬዲዮ ድሬዳዋ መልእክት ላከች፤ እኔ ዘንድ ባቡር አደረሰው» አሉ። «ልጅህ ወደ አንተ ተነስቷል፣ ግን ልቡ ይፈራል አለችኝ። እኔ አንድ ቀን አቆየዋለሁ፣ ሸደርና አውበሬ ያሉትም ያቆዩታል፣ አንተ ተነስ አለች። በባቡር ድሬ ገባሁ፤ ከዚያ በጫት መኪና መጣሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «የሄድኩት እኔ ነኝ። መምጣት ያለብኝም እኔ ነኝ።»

መሐድ በሩን ከፍቶ ወረደ። የአባቱን እጅ ይዞ አለቀሰ፤ ሽማግሌውም አለቀሱ። እኔ በዚያ ሁሉ ፍየልና ወተት የተናደድኩት ሰው መግቢያ አጣሁ። ሴትዮዋ ገበያ ወጥተው የዋሉት ለካ ለዚህ ኖሯል።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ኢጌ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉና «ሳህኑስ የታል?» አሉ። አባቴ ባዶ የብርድ ልብስ ካርቶን አምጥቶ መንገዱ ማዶ አቆመ። ሽማግሌው ቀዩን ሳህን በሁለት እጃቸው ወረወሩት፤ ነፋሱ ነጥቆ የጎረቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጣለው። መሰላል ስንፈልግ መሸ። በማግስቱ፣ ስማቸው ከማይነሳበት ከመሐድ ቤት ለሽማግሌው ሩዝና ሥጋ በትሪ ተሸፍኖ ወደ ሱቁ መጣ። ማን ላከው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ሊሄዱ ሲሉ «አፍደምን ግን ሳንጫወት ቀረን» አልኳቸው።

«በርሜሉ የትም አይሄድም። ስትመጡ ትጫወታላችሁ» አሉኝ።

«በሚመጣው ጥቅምት» አልኩ እኔ አቃጁ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጥቅምት አለፈ። መሐድ አፍደም ተመላልሷል፤ ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለጉዳይ። ሁሌም አባቱ ቤት ውሎ አድሮ ይመለሳል፤ ከሐዲዱ ወዲያ በርሜሉ አጠገብ ያለው የኤሪክ ጉድጓድ ደርቆ ስለተተወ ወደዚያ የሚወስደው ነገር አልነበረም። እኔም ሱቁን ወረስኩ፣ ልጆች መጡ። ሽማግሌው ጅጅጋ በመጡ ቁጥር ሱቄ ጎራ ብለው «መቼ ነው?» ይሉኛል፤ እኔም «በሚመጣው ጥቅምት» እላለሁ። ቀልድ ሆኖ የቀረ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ማታ መሐድን መልሼ ደወልኩለትና በርሜሉ እንዴት እስከ ዛሬ ተረፈ አልኩት። ከቀብር በኋላ ታናሽ ወንድሙ፣ አባቱ አፍደም የወለዱት፣ ወስዶ አሳይቶታል። «ጥቅምት ሊገባ ሲል አባቴ ሰማያዊ ቀለም ይቀባው ነበር አለኝ» አለ። «በየዓመቱ። እንግዶች አሉብኝ፣ ዝጎ እንዳያገኙት ይል ነበር አለኝ።»

ዛሬ ባንኮኒው ላይ በጠመኔ መንገዱን ስስል ዋልኩ። ባለቤቴ መጥታ አየችና ለዚህች መንገድ ይህን ያህል ቀን ምን ያደርግልሃል አለችኝ። ኤዶ ሐሊሞ ባይኖሩም ልጆቻቸው ሐርተሼክ አሉ፤ ሸደርም አውበሬም ሰው አለ። ወራን ሲሉኝ የምነግራቸው ብዙ ነው፤ ሳልቸኩል እነግራቸዋለሁ። ጥቅምት ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ቅድም ከሱቄ ማዶ ካለው መደብር አንድ ጣሳ ሰማያዊ ቀለምና ብሩሽ ገዝቼ ከቢጫው ሳህን ጎን አስቀምጫለሁ።