በየሠላሳ ደረሰኙ

አንዲት ቀልድ አንድ ሰው አስከፍላኛለች። በሕይወቴ ብዙ ነገር በርካሽ ሸጫለሁ፤ እሷን ግን ማንም ሳይጠይቀኝ በነጻ ነው የሰጠኋት።

ትዝ ያለችኝ ባለፈው ሳምንት ጎንደር ሐኪም ቤት ነው። መተማ ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል እግሬ ማበጥ ጀምሯል። ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ «አባባ፣ በየሰዓቱ እየተነሡ ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ቢሆን ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ውኃ ይጠጡ» አለችኝ። ይህንን ምክር በደርግ ጊዜ መተማ አጠገብ ባለችው ኮኪት ሰምቼዋለሁ፤ ያውም ካርድ ሳላወጣ።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ነጋዴ መባል ስድብ ስለነበር ንግዴን ትቼ የሰሊጥ መግዣ ቢሮ ጸሐፊ ሆንኩ። ኅዳር ሲገባ ሰሊጡ ይራገፋል፣ መኪናው ይደረደራል፤ እኛ ከንጋት እስከ ምሽት ደረሰኝ እንጽፋለን። ከላይ ቆርቆሮው፣ ከታች ሲሚንቶው ያበስለናል። ምሳችን የማሽላ እንጀራ በወይካ፣ በደረቀ ባሚያ ወጥ ነው፤ እሱንም እዚያው ጠረጴዛው ላይ።

ከጎኔ የሚቀመጡት አያ ሞላ ነበሩ፤ የጎጃም ሰው፣ ሃምሳ የዘለሉ፣ ዕድሜያቸውን ወንበር ላይ የጨረሱ። የእግራቸው ደም ሥር እንደ ገመድ ተገትሯል። ድንበር ማዶ ያለ አንድ ሱዳናዊ ድሬሰር «ደም ከቆመ ይረጋል» ብሏቸው፣ ሠላሳ ደረሰኝ በጻፉ ቁጥር ብዕራቸውን አስቀምጠው ይነሣሉ። ኒም ዛፉ ሥር ካለው ገንቦ ደርሰው፣ አንድ ጣሳ ውኃ ጠጥተው፣ በእግር ጣታቸው ከፍ ዝቅ ብለው ይመለሳሉ።

«አንተም ተነሥ እንጂ! እንደ ጆንያ ተወዝፈህ ልትቀር ነው?» ይሉኛል።

«እኔ ገና ነኝ፣ አያ ሞላ።»

«እኔም ገና ነበርሁ፤ እስቲ አሁን እየኝ!»

ክፋቱ፣ ኒሙ ያለው ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። በዚያ ዘመን ወደዚያ ዞር ያለ ሰው ሁሉ «ሊሻገር ነው» ይባላል። አንድ ቀን የቢሮው ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ይህ ሽማግሌ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚነሣው? ወዴት ነው?» አለ።

ዝም ብል ምን ነበረ! «እግራቸውን ለሱዳን እያለማመዱት ነው፣ ጓድ» አልኩ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ፤ አያ ሞላም ሳቁ። ያልሳቀው ኃላፊው ብቻ ነው። ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ።

በማግስቱ የአያ ሞላ ወንበር ወደ ግድግዳው ተገፋ፤ ጠብመንጃ የያዘ ጥበቃ ፊታቸው ቆመ። ያለ ፈቃድ መነሣት ተከለከሉ። ጠረጴዛው ሥር ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ጫማቸው ሲሚንቶውን መታ።

«ምንድን ነው የምታንኳኳው? ለማን ነው ምልክቱ?» አለ ጥበቃው።

«ለደሜ ነው፣ ልጄ» አሉት። እሱንም ተከለከሉ።

በሳምንቱ ግራ እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ጠጋ ብዬ፣ «ቀልዴን ነው ብዬ ልንገራቸው?» አልኳቸው።

«ተው። ለምን ቀለድህ ብለው አንተንም ይገትሩሃል።»

እውነቱን ለመናገር፣ የጠየቅኳቸው ይህንኑ እንዲሉኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ለሽንት ተፈቅዶላቸው ሲነሡ ደረታቸውን ያዙና በሩ ላይ ወደቁ። ጥበቃው «ወዴት ነው?» ብሎ ጮኸ። ከቀብሩ በኋላ የሥራ ቦታቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም እሺ አልኩ።

ሐኪሟን ከመውጣቴ በፊት ስለ እሳቸው ጠየቅኳት። «የረጋ ደም ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ሲገባ እንዲያ ያደርጋል። ቢራመዱ ኖሮ ምናልባት...» አለችኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ዛሬም ኮኪት አሉ። ለዓመት በዓል ስሄድ «ሞላ እኮ ይወድህ ነበር» እያሉ ያጎርሱኛል። እጎርሳለሁ።

አሁን በየሰዓቱ ከሱቄ ወጥቼ እስከ ኬላው እራመዳለሁ፤ ወዴት ነህ የሚለኝ የለም። አያ ሞላ ሞቱ፤ ቦታቸውን እኔ ወሰድኩ፤ ሚስታቸው ቀልዷን አያውቁም።